ለከተማ ምክር ቤት የአቋም ጥያቄ እንዴት ይቀርባል? ከባሕር ማዶ ጦርነት እስከ ሰፈር ጭስ

በአሜሪካ ከተሞች የምንኖር ሐበሾች አገር ቤት እሳት በተነሳ ቁጥር የምናደርገው ይታወቃል፦ ሰልፍ እንወጣለን፣ ለኮንግረስ አባላት ኢሜይል እናዘንባለን፣ ገንዘብ እናዋጣለን። አንዳንዴ ከስብሰባው መሐል አንዱ ይነሳና «የከተማችን ምክር ቤትስ ለምን አቋም አይዝም?» ይላል። ያው ሰው በሌላ ቀን የከባድ መኪና ጭስ ሰፈሩን ስለሞላው፣ ልጁም በአስም ስለሚሠቃይ ያማርራል፤ ይህን ግን ምክር ቤት የሚወሰድ ጉዳይ አድርጎ አያየውም። ሁለቱንም መጠየቅ ይቻላል። አዳራሹና ማይክሮፎኑ አንድ ነው፤ ዝግጅቱ ግን በጣም ይለያያል፤ ብዙ ጥያቄ የሚከሽፈውም ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ነው።

ምሳሌዬ የካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ናት። በቴሌግራፍ ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤት ያልበላ የቤይ ኤሪያ ነዋሪ ጥቂት ነው። ከዚያ በላይ ግን ሁለቱንም ዓይነት ጥያቄ ደጋግማ ያስተናገደች፣ አንዳንዱ የጸናላት፣ አንዳንዱን ደግሞ ፍርድ ቤት የጣለባት ከተማ ናት። ሌላ ከተማ የምትኖሩ ከሆነ የቀኑና የወረቀቱ ዝርዝር ይለያል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. የምትፈልጉት ድምፅ ነው ወይስ እርምጃ?

ምክር ቤት ከሚሰጣችሁ ነገር አንዱ ሪዞሉሽን ነው፤ «ይህ ምክር ቤት እንዲህ ያምናል፣ እንዲህም ይጠይቃል» የሚል የአቋም መግለጫ። ማንንም አያስገድድም። ሌላው ኦርዲናንስ ነው፤ የሚከለክል፣ የሚያስገድድ፣ የሚያስቀጣ የከተማ ሕግ። ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት ከሁለቱ አንዱን ምረጡ።

ጉዳዩ የባሕር ማዶ ግጭት ከሆነ ምክሬ አጭር ነው፦ ድምፅ ብቻ ጠይቁ። የውጭ ጉዳይ ሥልጣን የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ ከተማ በዚያ በኩል እጇን ስትዘረጋ ፍርድ ቤት ይመታታል። የኦክላንድ መራጮች በ1988 ከተማቸውን ከኒውክሌር መሣሪያ ነፃ የሚያደርግ ሕግ በድምፅ አጸደቁ፤ የፌዴራሉ መንግሥት ከሰሰና በ1990 ፍርድ ቤት ሻረው። ከተማዋ በ1992 ጠበብ ያለ ሕግ ይዛ ተመለሰች። በስቴት ደረጃም ማሳቹሴትስ ከበርማ ጋር ከሚነግዱ ኩባንያዎች ዕቃ እንዳይገዛ የሚያደርግ ሕግ በ1996 አውጥታ ነበር፤ በ2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ጣለው።

በአንጻሩ የኦክላንድ ምክር ቤት በኅዳር 2023 ማብቂያ በጋዛ ተኩስ አቁም እንዲደረግ የጠየቀበትን ሪዞሉሽን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ተቃዋሚው ብዙ ነበር፤ ነገር ግን ሪዞሉሽኑ ማንንም የሚያስገድድ ስላልነበር እንደ 1988ቱ ሕግ ከፌዴራል ሥልጣን ጋር የሚጋጭበት ምክንያት አልነበረም።

መካከለኛ መንገድም አለ፤ የከተማው የራሱ ገንዘብ። ባልቲሞር በአፓርታይድ ዘመን የሠራተኞቿ የጡረታ ገንዘብ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከሚሠሩ ኩባንያዎች እንዲወጣ ወስና ነበር፤ የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1989 አጸናላት። ይህ ግን የሕግ ባለሙያ ይፈልጋል፤ የኑሮ ጣጣም አለው። ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ያለችው ታኮማ ፓርክ በ1983 ከኒውክሌር ነፃ ቀጠና ተብላ፣ ከኒውክሌር መሣሪያ ሥራ ጋር ከተያያዙ ኩባንያዎች ላለመግዛት ወሰነች። በ2012 ለቤተ መጻሕፍቷ የኤች.ፒ. ኮምፒውተር ለመግዛት ምክር ቤቱ ለራሱ ሕግ ልዩ ፈቃድ መስጠት ግድ ሆነበት። እርምጃ ስትጠይቁ የሚያስከትለውን እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ድረስ አስቡበት።

2. ጭሱ የማን እንደሆነ ለዩ

ይህ ደረጃ ለአካባቢ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚባክነውም እዚህ ነው። ሰዎች ሌላ መሥሪያ ቤት የያዘውን ሥልጣን ከምክር ቤቱ ይጠይቃሉ፤ አባላቱ በትሕትና ያዳምጣሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ከዚያ ምንም የለም።

ኦክላንድ ውስጥ የፋብሪካ ጭስ የቤይ ኤሪያ የአየር ጥራት ዲስትሪክት ጉዳይ ነው፤ ፈቃድ የሚሰጠውም የሚቀጣውም እሱ ነው። የናፍጣ ሞተር ደረጃ የሚያወጣው የስቴቱ የአየር ሀብት ቦርድ ነው፤ ከባድ መኪና ቆሞ ሞተሩን ከ5 ደቂቃ በላይ እንዳያስነሳ የሚከለክለው ደንብም የእሱ ነው። ወደቡ የራሱ ሰባት ኮሚሽነሮች አሉት፤ ከንቲባው ያጫቸዋል፣ ምክር ቤቱ ይሾማቸዋል፣ ከዚያ በኋላ በራሳቸው ይወስናሉ። ከከባድ መኪና ጋር የተያያዘው ትልቁ ቅሬታ ደግሞ አውራ ጎዳና 580 ነው፦ ከ4.5 ቶን በላይ የሆኑ መኪኖች በኦክላንድ በኩል እንዳያልፉበት ስለተከለከለ ጭነቱ ሁሉ ድሆቹ ሰፈሮች በሚያዋስኑት 880 ላይ ይወርዳል። ክልከላው በስቴት ሕግ የጸና ነው፤ ምክር ቤቱ ብቻውን አያነሳውም፤ ሳክራሜንቶ ያለውን የስቴቱን ሕግ አውጪ ሊጠይቅ ግን ይችላል።

ታዲያ በከተማው እጅ ምን አለ? የመሬት አጠቃቀም፣ የሕንፃ ፈቃድ፣ ከባድ መኪና የሚሄድባቸው የከተማ መንገዶችና የሚቆምባቸው ቦታዎች፣ ዛፍ፣ ቆሻሻ። የእናንተ ጥያቄ ከእነዚህ አንዱን መንካት አለበት። ካልነካ ወደሚመለከተው ቦርድ ውሰዱት፤ ምክር ቤቱን ደግሞ በደብዳቤ እንዲደግፋችሁ ጠይቁ። ዌስት ኦክላንድ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ የአየር ዲስትሪክቱና የነዋሪዎች ድርጅት በ2019 በጋራ ያወጡትን የአየር ዕቅድ ፈልጋችሁ አንብቡ። ለየእርምጃው የትኛው መሥሪያ ቤት ሥልጣን እንዳለው ስለሚያስቀምጥ ግማሽ ሥራችሁን ሠርቶላችኋል።

3. መዝገቡን ሙሉ

ጥያቄያችሁ እርምጃ ከሆነ ከንግግር ይልቅ ወረቀት ይበልጥ ይጠቅማችኋል። ለዚህ የኦክላንድን የድንጋይ ከሰል ታሪክ የሚያህል ምሳሌ አላውቅም። በድሮው የጦር ሠፈር መሬት ላይ የጭነት ተርሚናል ሊሠራ ከተማዋ ከአልሚ ጋር በ2013 ተዋዋለች፤ ቆይቶ ከዩታ የሚመጣ ከሰል በዚያ በኩል ወደ ውጭ እንደሚጫን ተሰማ። ነዋሪው ተነሳ፣ አዳራሹ ሞላ፣ ምክር ቤቱ በ2016 ከሰል ማከማቸትና ማራገፍን ከለከለ። ድል ነበር። በ2018 ግን የፌዴራል ዳኛ ክልከላው በተርሚናሉ ላይ ተፈጻሚ እንዳይሆን ፈረደ፤ በ2020 ይግባኝ ሰሚው አጸናው።

ምክንያቱን ልብ በሉ። ውሉ ከተማዋ በኋላ ያወጣችውን ደንብ በአልሚው ላይ መጫን የምትችለው የሰው ጤናና ደኅንነት ከባድ አደጋ ላይ እንደሚወድቅ በቂ ማስረጃ ሲኖር ብቻ እንደሆነ ይል ነበር። ዳኛው የመዘኑት ምክር ቤቱ በወሰነበት ዕለት ፊቱ የነበረውን መዝገብ ነው፤ እሱም ክፍተት የበዛበት ሆኖ አገኙት። የከሰል አቧራ ጉዳት የለውም አላሉም፤ ለምክር ቤቱ የቀረበው አላረጋገጠም አሉ። በዚያ አዳራሽ ያለቀሰ ሁሉ እውነቱን ነበር፤ እንባ ግን መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

ስለዚህ ቢያንስ እነዚህን ሰብስቡ፦ ጭሱ ወይም ሽታው የመጣበት ቀንና ሰዓት ከፎቶ ጋር፣ በኦክላንድ 311 (የከተማው የአቤቱታ መስመር) ያስመዘገባችኋቸው አቤቱታዎች ቁጥር፣ ለአየር ዲስትሪክቱ ያመለከታችሁበት ማስረጃ፣ የሐኪም ወይም የትምህርት ቤት ነርስ ደብዳቤ (የልጆቹ ስም ሳይጠቀስ)፣ መሬቱ ላይ ያለ ውል ካለ ቅጂው። የመጨረሻው ይረሳል። ከተማው ያለው ውል ምን እንደሚፈቅድ ሳታውቁ ክልከላ መጠየቅ ውሃ የማያነሳ ክርክር ይዞ መግባት ነው። ሁሉም በጽሑፍ፣ ከድምፅ መስጫው በፊት፣ ለከተማው ጸሐፊ ይግባ። በስልካችሁ ላይ የቀረ ፎቶ መዝገብ አይደለም።

4. አንድ አባል ያዙ፤ ከዚያ ድምፅ ቁጠሩ

ኦክላንድ ስምንት የምክር ቤት አባላት አሏት፤ ሰባቱ ከየወረዳው፣ አንዱ ከመላው ከተማ። ለማጽደቅ አምስት ድምፅ ያስፈልጋል፤ እኩል ሲሆን ከንቲባው ይለያል። እኩል መሆን የሩቅ ነገር አይደለም፦ ቺካጎ በጥር 2024 የጋዛን ሪዞሉሽን ያጸደቀችው አባላቱ 23 ለ23 ከተከፈሉ በኋላ በከንቲባው ድምፅ ነው።

መጀመሪያ የወረዳችሁን አባል ቢሮ በኢሜይል ያዙ፤ ከረዳቱ ጋር መነጋገርን አትናቁ፣ አጀንዳውን የሚያንቀሳቅሰው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ይዛችሁ የምትገቡት አንድ ገጽ ጽሑፍና የነዋሪ ፊርማ ይሁን። የፈራሚው አድራሻ የዚያ ወረዳ ከሆነ ክብደት አለው፤ ከሦስት ስቴት የተሰበሰበ የኢንተርኔት ፊርማ ግን ለአባሉ ምንም አይነግረውም።

አንድ ጥንቃቄ። የካሊፎርኒያ የክፍት ስብሰባ ሕግ፣ ብራውን አክት የሚባለው፣ የአባላቱ አብዛኛው ቁጥር ከስብሰባ ውጭ በተዘዋዋሪም ቢሆን እንዳይመካከር ይከለክላል። አንዱ አባል የነገራችሁን ለሌላው፣ የሌላውን ለሦስተኛው እየዞራችሁ ካደረሳችሁ ሳታውቁት የዚያ ምክክር ድልድይ ትሆናላችሁ። የራሳችሁን ሐሳብ ብቻ ለእያንዳንዱ ንገሩ፤ «እገሌ እኮ እሺ ብሏል» አትበሉ።

5. ጽሑፉ

ሪዞሉሽን ሁለት ክፍል አለው፤ ምክንያቶቹን የሚዘረዝር መግቢያና የሚወሰነውን የሚናገር መደምደሚያ። ሰው ጉልበቱን በመግቢያው ይጨርሳል፣ ታሪኩን ከአፄ ምኒልክ ዘመን ይጀምራል። አታድርጉት። የሚጨቃጨቁበት እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለተቃዋሚ የተሰጠ በር ነው።

ለባሕር ማዶ ጉዳይ መግቢያው አምስት ስድስት ነጥብ ይበቃዋል፤ ሁሉም ወገን የማይክደው፣ በታወቀ ተቋም የተመዘገበ ብቻ ይግባ። ከከተማው ጋር የሚያገናኘውን አንድ ነጥብ አትርሱ፦ ቤተሰባቸው በጦርነቱ ውስጥ ያለ ነዋሪዎች፣ ስልክ የተቋረጠባቸው፣ ሥራ ላይ ማተኮር ያቃታቸው። አባሉ «ይህ ከኦክላንድ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው በዚያ ነው።

ጉዳዩ ኢትዮጵያ ከሆነ አንድ እውነት እንነጋገር። በኅዳር 2020 የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በኅዳር 2022 በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪቆም ድረስ ዳያስፖራው ለሁለት ለሦስት ተከፍሎ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሊያስነሳ ሲሮጥ ነበር። ማንኛውም የምክር ቤት አባል ከእናንተ ስብሰባ በኋላ ሌላው ወገን ሊደውልለት እንደሚችል ያስባል። መፍትሔው ጽሑፉን ማጥበብ ነው፦ ለሲቪሎች ጥበቃ፣ እርዳታ እንዲገባ፣ ስልክና ባንክ እንዲከፈት፣ ገለልተኛ ምርመራ። ማን ጀመረው የሚለውን በምክር ቤት ደረጃ ማንም አይፈታውም፤ ማስገባቱም አምስቱን ድምፅ ወደ ሁለት ያወርደዋል። ይህ ፍርሃት የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ ስሌት ነው እላለሁ።

ለአካባቢ ጉዳይ ተቃራኒውን አድርጉ፤ መግቢያው አጭር፣ ውሳኔው ዝርዝር ይሁን። ማን፣ ምን፣ በየትኛው ጎዳና፣ እስከ መቼ፣ ገንዘቡ ከየት። «ምክር ቤቱ ለንጹሕ አየር ያለውን ቁርጠኝነት ይገልጻል» የሚል ውሳኔ ማንም ያጸድቅላችኋል፣ ማንም አይፈጽመውም። ይልቅ እንዲህ ጻፉ፦ «የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ በእነዚህ አራት ጎዳናዎች የከባድ መኪና ማቆምን የሚከለክል ምልክት እንዲተክል፣ በስድስት ወር ውስጥም ውጤቱን ለኮሚቴው በጽሑፍ እንዲያቀርብ።» በዋሽንግተን ዲሲ ሱቅ ያላችሁ የፌስታሉን 5 ሳንቲም ታውቁታላችሁ። ከ2010 ጀምሮ የሚከፈለው ያ ክፍያ የተዋጣለት ጥያቄ ምሳሌ ነው፦ አንድ ዕቃ፣ አንድ ዋጋ፣ ገንዘቡም የአናኮስቲያን ወንዝ ለማጽዳት የሚውል።

ወደ እንግሊዝኛ ከመቀየሩ በፊት በአማርኛ ተስማሙበት። የኮሚቴ ጠብ በሦስተኛው ረቂቅ ላይ ከሚመጣ በመጀመሪያው ይምጣ።

6. ማኅበራችሁ ምን ይፈቀድለታል?

ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ኮሚኒቲው ወይም ዕድሩ በ501(ሲ)(3)፣ ማለትም ከታክስ ነፃ በሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅትነት፣ የተመዘገበ ከሆነ ሪዞሉሽን እንዲጸድቅ መወትወት በታክስ ሕጉ እንደ ሎቢ ይቆጠራል። አይከለከልም፤ የማኅበሩ ዋና ሥራ መሆን ግን የለበትም። ለምርጫ ተወዳዳሪ ድጋፍ መስጠት ግን ፈጽሞ ክልክል ነው፤ «ይህን ካጸደቅህ እንመርጥሃለን» የሚል ደብዳቤ በማኅበሩ ማኅተም አይወጣም። የውጭ መንግሥት፣ ኤምባሲ ወይም የአገር ቤት ፓርቲ ጠይቋችሁ የምትንቀሳቀሱ ከሆነ ደግሞ የ1938ቱ የውጭ ወኪሎች ምዝገባ ሕግ ሊመለከታችሁ ስለሚችል፣ አንድ እርምጃ ከመራመዳችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ።

7. የስብሰባው ቀን

የካሊፎርኒያ ሕግ የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት እንዲለጠፍ ያዛል። አጀንዳው ላይ ከሌላችሁ በክፍት መድረኩ መናገር ትችላላችሁ፤ ምክር ቤቱ ግን በዚያ ቀን ሊወስንላችሁ አይችልም። ሃምሳ ሰው ይዞ ሄዶ ይህን እዚያው መስማት ያናድዳል፤ አጀንዳውን አስቀድማችሁ እዩ።

ለመናገር ዜጋ መሆን አይጠየቅም። አዳራሹ ለመግባት ስም መስጠትም ግዴታ አይደለም። ለኛ ሰው እጅግ የሚጠቅመው፣ ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ ይህ ነው፦ ተናጋሪው በአስተርጓሚ የሚናገር ከሆነ ሕጉ ቢያንስ እጥፍ ጊዜ ይሰጠዋል። ለሌላው ሁለት ደቂቃ ከሆነ ለእማማ አራት ደቂቃ። ይህን መብት ሰብሳቢው ረስቶት ሊሆን ስለሚችል አስተርጓሚው አስቀድሞ ለጸሐፊዋ ይንገር። ልጆቻችሁ በእንግሊዝኛ ይናገሩ፤ እናቶች ግን በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ ይናገሩ፤ አዳራሹ ዝም ብሎ የሚያዳምጠው እነሱን ነው።

ማን እንደሚናገር ምረጡ። በኅዳር 2023ቱ የኦክላንድ ስብሰባ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ተናገረ፤ በማግሥቱ በመላ አገሪቱ የተሰራጨው ግን የጥቂት ተናጋሪዎች ንግግር ተቆርጦ የተቀጠለበት ቪዲዮ ነበር። ሪዞሉሽኑ የሚለውን ያነበበ ጥቂት፣ ቪዲዮውን ያየ ሚሊዮን። ስለዚህ አስር የተዘጋጁ ተናጋሪዎች ከመቶ ያልተዘጋጁ ይሻላሉ፦ እያንዳንዱ የራሱን አንድ ነጥብ ይዞ፣ ማንንም ሳይሰድብ፣ ሌላውን ሳይደግም። ከተቃዋሚ ወገን የመጣ ሲናገር አትጩኹ፤ ካሜራው ወደ እናንተ ይዞራል።

ለአንድ ጥያቄ መልስ ይዛችሁ ግቡ፤ መምጣቱ አይቀርምና፦ «መንገዱ ጉድጓድ ሞልቶት ስለ ውጭ አገር እናወራለን?» ጎረቤቷን ሪችመንድን ጥቀሱ። ምክር ቤቷ በጥቅምት 2023 ስለ ጋዛ ሪዞሉሽን ያሳለፈ ቀዳሚ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የነዳጅ ማጣሪያ ላይ ግብር የሚጥል ሐሳብ ለመራጩ አዘጋጅቶ፣ ሐሳቡን ለመተው ከማጣሪያው ባለቤት ከሸቭሮን ጋር በ10 ዓመት በሚከፈል 550 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ያው ምክር ቤት ነው።

8. ማሻሻያ ሲመጣ

ጽሑፋችሁ እንደገባ አይወጣም። በኦክላንዱ ስብሰባ ሐማስን የሚያወግዝ ዓረፍተ ነገር ይጨመር የሚል ማሻሻያ ቀርቦ በድምፅ ብልጫ ወደቀ፤ በሌላ ከተማ ተመሳሳዩ ሊያልፍ ይችል ነበር። አስቀድማችሁ በሦስት ክፈሉት፦ የማትነኩት፣ ብትለቁት የማይጎዳ፣ ከገባ ሪዞሉሽኑ ቢቀር የምትመርጡት። ከዚያ አንድ ሰው ብቻ ወክሉ፤ አባሉ በዕረፍት ሰዓት መጥቶ «ይህን ቃል ብንቀይረው?» ሲል የሚመልሰው እሱ ነው። አምስት ሰው ከመለሰለት አምስት መልስ ይሰማል።

«ወደ ኮሚቴ ይመለስ» ከተባለ ሽንፈት ላይሆን ይችላል፤ ቀኑን ግን እዚያው አስጠሩ። ቀን ያልተቆረጠለት ጉዳይ ሞቷል።

9. ከጸደቀ በኋላ

የጸደቀውን ሰነድ የተረጋገጠ ቅጂ ከከተማው ጸሐፊ ውሰዱ። የባሕር ማዶ ከሆነ መደምደሚያው ቅጂው ለነማን እንደሚላክ መናገር አለበት፤ ስቴታችሁን በዋሽንግተን ለሚወክሉት ሴናተሮች፣ ለኮንግረስ ተወካያችሁ፣ ለውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ። ጸሐፊው መላኩን ጠይቁ፤ እናንተም ለየብቻ ላኩ። ሴናተሩ ቢሮ ቀጠሮ ስትጠይቁ ያ ወረቀት በር ይከፍታል፤ ዋና ጥቅሙም ይኸው ነው።

የአካባቢ ጉዳይ ከሆነ ሥራው ገና መጀመሩ ነው። ሪፖርት የሚቀርብበትን ቀን ካላንደራችሁ ላይ አስገቡ፤ በየበጋው በጀት ሲጸድቅ ለምልክቱና ለተቆጣጣሪው የተመደበ ገንዘብ መኖሩን ተመልከቱ፤ ከሌለ ከመጽደቁ በፊት ተመልሳችሁ ተናገሩ። ኦክላንድ ውስጥ እያንዳንዱ ሪዞሉሽንና ኦርዲናንስ ቁጥር አለው፣ ከቁጥሩ በኋላም «ሲ.ኤም.ኤስ.» የሚሉ ፊደላት ይከተላሉ። ለመሥሪያ ቤቱ ስትጽፉ በርዕሱ ሳይሆን በዚያ ቁጥር ጥሩት፤ አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ እንኳ በደቂቃ ያገኘዋል።